በአይጥ ላይ የሚደረገው ምርምር ለእኔ ምን ይፈይዳል?

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሳል በያዘኝ ወይም ጀሪካን ባነሣሁ ቁጥር ሽንት ያመልጠኛል። ለሰው መናገር አፍሬ በስልኬ ሳነብ፣ ተመራማሪዎች ይህን ችግር በአይጥ ላይ እንደሚያጠኑ አየሁ። አይጥ ስለ እኔ ምን ልትነግር ትችላለች? (አንዲት እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። የአይጥ ልጅ ሲወለድ ክብደቱ ከእናቱ ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ምጧ ቀላል ነው፤ በሴት ላይ የሽንት ፊኛንና ማህፀንን ከታች ደግፈው የሚይዙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎችም እሷን በአብዛኛው የሚያገለግሏት ጅራቷን ለማንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሰውን ምጥ ያስመስሉባታል። በማደንዘዣ ካስተኟት በኋላ ትንሽ የላስቲክ ፊኛ በብልቷ አስገብተው ውሃ ይሞሉታል፣ ለሰዓታትም ያቆዩታል፤ ይህም የሕፃን ጭንቅላት በወሊድ መንገድ ላይ ሲቆይ የሚያሳድረውን ጫና ይተካል። ከቀናት በኋላ ሆዷን በጣት ቀስ ብለው እየተጫኑ፣ ሽንቷ ጠብ በሚልበት ቅጽበት በሽንት ፊኛዋ ውስጥ ያለውን ግፊት ይለካሉ። የተጎዳች አይጥ ካልተጎዳችው ባነሰ ግፊት ያመልጣታል፤ እርስዎ ሲያስሉ የሚሆነውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

በአሜሪካ የክሊቭላንድ ክሊኒክ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ አንድ ትልቅ ነገር አሳይተዋል። የሽንት መቆጣጠሪያውን ጡንቻ የሚያዝዘው ፑደንዳል የተባለው ነርቭ ብቻውን ሲጎዳ፣ ጡንቻው ነርቩ መልሶ እንዲያድግ የሚረዳውን ቢዲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲን አብዝቶ ያመነጫል፤ ጡንቻውም አብሮ ሲጎዳ ግን ይህ እርዳታ ይቀርና ማገገሙ ይዘገያል። በወሊድ ጊዜ ሁለቱም በአንድነት ሊጎዱ ይችላሉ። እንግዲህ የእርስዎ ችግር የነርቭና የጡንቻ ጉዳት እንጂ የሚያሳፍር ጉድለት አይደለም፤ ይህን ከልቤ እንዲያምኑኝ እፈልጋለሁ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በሳንዲያጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የታየው ነው። ያረገዘች አይጥ የዳሌዋ ወለል ጡንቻዎች ከመውለዷ አስቀድመው በየቃጫቸው አዳዲስ ክፍሎች እየጨመሩ ይረዝማሉ፤ የእግሯ ጡንቻ ግን እንዲህ አያደርግም። አካሏ ለሚመጣው መለጠጥ ራሱን ያዘጋጃል ማለት ነው። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ይህንኑ ለማየት ከጡንቻዋ ቆርጦ መውሰድ ስለሚያስፈልግ፣ ምርምሩ በእንስሳት ላይ መደረጉ ግድ ሆኗል።

ወሊድ የሚያስከትለውን ሌላ ችግር፣ የማህፀን መውረድን፣ ለማጥናት ደግሞ የደቡብ አሜሪካዋ ስኩዊረል ጦጣ ትቀርበናለች፤ የልጇ ጭንቅላት ለዳሌዋ ትልቅ በመሆኑ ምጧ ከባድ ነው፣ አንዳንዶቹም ያለ ማንም ጣልቃ ገብነት ማህፀናቸው ይወርዳል።

ሆኖም አይጧ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ትድናለች፤ እርስዎ ግን ሦስት ዓመት ታግሠዋል። ስለሆነም ከቤተ ሙከራ የሚመጣ መድኃኒት ሳይጠብቁ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ያማክሩ። የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን የሚያጠነክረው እንቅስቃሴ፣ ማለትም ሽንት እንደሚይዙ አድርጎ ጡንቻዎቹን መጭመቅና መልቀቅ፣ በባለሙያ ምሪት ለወራት ሳይቋረጥ ሲሠራ ብዙ እናቶችን ይረዳል። ሽንቱ ሳያስሉም ሌት ተቀን የሚፈስ ከሆነ ግን ፊስቱላ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።