የአንድ ትንሽ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሥራ ያዋጣል ወይ?

ውድ ጠያቂያችን፣

በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርትዎን ሊያጠናቅቁ መቃረብዎንና በስዊድን ፓርላማ የሊበራሎች ፓርቲ ጽሕፈት ቤት የፖለቲካ ጸሐፊነት ሥራ እንደቀረበልዎ ጽፈውልናል። ፓርቲው በምርጫ ከወደቀ ሥራ አጥ ልሆን ነው፣ ስሜም ከአንድ ወገን ጋር ተቆራኝቶ ሊቀር ነው ብለውም ሰግተዋል።

የመጀመሪያው ስጋትዎ መሠረት አለው። በስዊድን አንድ ፓርቲ ፓርላማ ለመግባት በአገር አቀፍ ደረጃ ቢያንስ 4 በመቶ ድምፅ ማግኘት ይጠበቅበታል፤ ይህ ፓርቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ምርጫ (ዕለቱ የእኛው እንቁጣጣሽ ነበር) ያገኘው 4.6 በመቶ ድምፅ ሲሆን ከ349 መቀመጫዎች የደረሱት 16 ብቻ ናቸው። ፓርላማው ለፓርቲዎች ጽሕፈት ቤት የሚሰጠው ገንዘብ በአብዛኛው በመቀመጫ ብዛት ስለሚሰላ መቀመጫው ሲሄድ ደመወዙም አብሮ ይሄዳል።

ሆኖም ለጀማሪ ባለሙያ የፓርቲው ትንሽነት ራሱ ጥቅም አለው። ፓርላማው 15 ቋሚ ኮሚቴዎች ስላሉት 16 አባላት ያሉት ፓርቲ አንዱን ኮሚቴ ለአንድ ሰው ከማሸከም ሌላ ብዙ አማራጭ የለውም፤ የዚያ ሰው ረዳትም በትልቅ ፓርቲ ውስጥ ለብዙ ሠራተኞች የሚከፋፈለውን ሥራ ለብቻው ይወጣል። የመንግሥት በጀት በመከር ወራት ከቀረበ በኋላ አባላት በማንኛውም ጉዳይ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርቡባቸው 15 ቀናት አሉ። ረቂቅ ሕግ አንብቦ በሁለት ገጽ ማጠቃለልን፣ ሐሳቡ ምን ያህል ወጪ እንደሚያስከትል ማስላትንና ጋዜጠኛ ከመጠየቁ በፊት መልስ ማዘጋጀትን ሰው የሚማረው በእንዲህ ያለ ጥድፊያ ነው። ይህን የቻለ ሰው በሙያ ማኅበራትም ሆነ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይፈለጋል።

ስለ ስምዎ ያን ያህል ባይጨነቁ እመርጣለሁ። የስዊድን ሕገ መንግሥት የመንግሥት ቅጥር በችሎታና በአገልግሎት ላይ እንዲመሠረት ያዛል። በብሩንዲ የተወለዱት ኒያምኮ ሳቡኒም በዚሁ ፓርቲ ስም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል፤ በ2013 ፓርላማውን ለቀው በግል ኩባንያ ከሠሩ በኋላም በ2019 የፓርቲው መሪ ሆነው ተመልሰዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደብዳቤዎ ያላነሣው ጉዳይ ነው። ፓርቲው በጥቅምት 2022 ከሞደራቶችና ከክርስቲያን ዴሞክራቶች ፓርቲዎች ጋር መንግሥት የመሠረተው ፍልሰትን በሚቃወመው በስዊድን ዴሞክራቶች ፓርቲ ድጋፍ ሲሆን፣ አራቱ ፓርቲዎች የተስማሙበትና የቲዶ ስምምነት በመባል የሚታወቀው ሰነድ ዋነኛ ክፍልም የፍልሰት ፖሊሲን የሚያጠብቅ ነው። አክስትዎ ወይም የዕድር ጓደኞቻቸው ስለዚህ ጉዳይ መጠየቃቸው አይቀርም። በሁሉም ነገር መስማማት አይጠበቅብዎትም፤ ነገር ግን የፖለቲካ ጸሐፊ የሚጽፈው በራሱ ሳይሆን በፓርቲው ስም ነው። ስለዚህ የሰነዱን የፍልሰት ምዕራፍ አንብበው ለፓርቲው አቋም የሚከራከር አንድ ገጽ ለመጻፍ ይሞክሩ። ብዕርዎ እንቢ ካለ ሥራውን አይቀበሉ፤ በኮሙዩን (በአካባቢ) አስተዳደር የጥናት ባለሙያ ሆነው ተቀራራቢ ክህሎት ማዳበር ይችላሉ።

ከጻፉ ግን ይቀበሉት። ከመፈረምዎ በፊት የውሉን ማብቂያ ቀን፣ የማስጠንቀቂያውን ጊዜና ፓርቲው መቀመጫውን ቢያጣ የሚከፈልዎትን በጽሑፍ ይጠይቁ። በኮሙዩን ደረጃ የሚቀጠር የፖለቲካ ጸሐፊ ውሉ ከምርጫው ዓመት መጨረሻ እንዳያልፍ ሕጉ ይከለክላል፤ በፓርላማ ጽሕፈት ቤቱስ ምን እንደተወሰነ ቀጣሪዎ በግልጽ ሊነግርዎት ይገባል።