ወላጆችን ትልቅ ሆቴል ራት ለመጋበዝ፦ ከስልኩ እስከ ሂሳቡ

እህታችን ወላጆቿን ለ40ኛ ዓመት የጋብቻ በዓላቸው ትልቅ ሆቴል ውስጥ ባለ ሬስቶራንት ራት ልትጋብዝ ነው። ስድስት ይሆናሉ። አባቷ ኦቾሎኒ ከቀመሱ ከንፈራቸው ያብጣል፣ እናቷ ሥጋ ቀላ ብሎ ከመጣ አይነኩትም፣ እሷን ደግሞ የሹካው ብዛትና መጨረሻ ላይ የሚመጣው ሂሳብ አስጨንቋታል። «ከየት ልጀምር?» ነው ጥያቄዋ።

ከስልክ ጀምሪ፣ እህቴ። ሹካው የመጨረሻው ጭንቀትሽ ይሁን። እንዲህ ያለ ራት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ኪችኑ አስቀድሞ ማወቅ የነበረበትን ነገር ምግቡ ከተሠራ በኋላ ሲሰማ ነው።

ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድመሽ ደውይ። የምትደውይበት ሰዓትም ለውጥ አለው። ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት የምሳው ግርግር አልቆ የራቱ ገና ስላልጀመረ ሱፐርቫይዘሩ እስክሪብቶ ይዞ ይሰማሻል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከደወልሽ ግን የሚያናግርሽ ሰው ልቡ ከጠረጴዛዎቹ ጋር ነው። በሆቴሉ ዋና ቁጥር ከገባሽ ደግሞ ሬስቶራንቱን ራሱን እንዲያገናኙሽ ጠይቂ፤ ሪሴፕሽን ላይ የተነገረ አለርጂ ኪችን ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የመዘገበሽን ሰው ስም ያዢ።

በዚያው ስልክ ብዙ ሰው የማይጠይቀውን አንድ ነገር ጠይቂ፦ «በዚያ ምሽት ሆቴሉ ውስጥ ሠርግ ወይም ትልቅ የስብሰባ ራት አለ?» ሆቴል ውስጥ ያለ ሬስቶራንት ለብቻው ከቆመው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዳቦው፣ የአጥንት መረቁ፣ ጣፋጩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአንድ ዋና ኪችን ነው፤ ያ ኪችን ደግሞ አዳራሹንም፣ ክፍል ድረስ የሚሄደውንም ትእዛዝ ይመግባል። አዳራሹ ውስጥ 300 ሰው በአንድ ሰዓት የሚስተናገድ ከሆነ ጥሩ ጥሩዎቹ አብሳዮችና አስተናጋጆች ወደዚያ ይሳባሉ። እናንተ ጋ የሚደርሰው መዘግየትና ለብ ያለ ምግብ ነው። «አዎ፣ አለ» ካሉሽ ቀኑን መቀየር ካልቻልሽ ሰዓቱን ቀይሪ። ለስድስት ሰው ከምሽቱ 12፡30 ወይም 1 ሰዓት ከ2 ሰዓት በእጅጉ ይሻላል፤ ኪችኑ ገና ሳይጨናነቅ ኦርደራችሁ ይገባል፣ ለወላጆችም አይመሽባቸውም። ጠረጴዛውን በተመለከተ ከኪችን በር፣ ከመጸዳጃ ቤት መግቢያና ከአየር ማቀዝቀዣ ሥር የራቀ ይሁን በይ፣ ይበቃል። የአለባበስ ደንብ ካለም እዚያው ጠይቂ፤ ቁምጣና ነጠላ ጫማ የማያስገቡ አሉ።

አሁን ወደ አባትሽ ጉዳይ እንምጣ። «አለርጂ» የሚለውን ቃል በግልጽ ተጠቀሚ። «ኦቾሎኒ አይስማማቸውም» ማለት ለአንዳንዱ አስተናጋጅ «አይወዱም» ማለት ነው፤ አይወዱም ሲባል ኦቾሎኒውን ከላይ ማንሳት ብቻ ይመስለዋል። አለርጂ ሲባል ግን ጥሩ ኪችን መክተፊያውን፣ ቢላውንና መጥበሻውን ይቀይራል። ሌላው ችግር የቋንቋ ነው፦ ኦቾሎኒን «ለውዝ» የሚል ሰው አለ፣ በዚሁ ቃል አልሞንድን የሚጠራም አለ። ስለዚህ ዝርዝሩን ንገሪያቸው፤ ኦቾሎኒ ብቻ ነው ወይስ አልሞንድ፣ ካሹ፣ ዎልነትም ይጨምራል? ኦቾሎኒ በዘሩ ከባቄላና ከሽምብራ ወገን ስለሆነ እሱን የማይችል ሰው ሌሎቹን ሊችል ይችላል፤ ይህን የሚያውቀው ግን ሐኪማቸው ነው።

ምግቡ ውስጥ ኦቾሎኒ ዓይን ላይ በሚታይ መልክ ብቻ አይመጣም። ሶስ ውስጥ ተፈጭቶ ይገባል፣ በዘይት መልክ ይገባል፣ ሌላ ነገር በተጠበሰበት ዘይት በኩል ይመጣል። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን የጣፋጩ ክፍል ነው፤ የኦቾሎኒም የአልሞንድም ዱቄት የማይጠፋበት ቦታ ስለሆነ። ጠዋት የተሠራ ሶስ ወይም ኬክ ማታ አንድ ነገር አውጡለት ቢባል አይወጣለትም። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀድመሽ ከተናገርሽ ግን ለብቻው መሥራት ይቻላል። ሦስት ጊዜ ንገሪ፦ በስልክ፣ ስትቀመጡ፣ ሰሃኑ አባትሽ ፊት ሲቀመጥ። በሦስተኛው ላይ «ይህ ያለ ኦቾሎኒ የተሠራው ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ አስተናጋጁ ካመነታ ገብቶ ይጠይቅ። ሐኪም ያዘዘላቸው የአድሬናሊን መርፌ ካላቸው ቤት እንዳይቀር።

የበዓሉን ኬክም በዚያው ስልክ ጨርሺው። ከውጭ ኬክ ይዞ መግባትን የሚከለክሉ ወይም የመቁረጫ የሚያስከፍሉ ሆቴሎች አሉ፤ ምግቡ ቢያሳምም ተጠያቂዎቹ እነሱ ስለሆኑ ነው። ከእነሱ ካዘዝሽ ደግሞ ኬኩም ኦቾሎኒ የሌለበት እንዲሆን ለይተሽ ተናገሪ። የራቱን ትእዛዝ የሚቀበለውና ኬኩን የሚሠራው አንድ ሰው አይደለም።

ምርጫ ላይ፦ ቴስቲንግ ሜኑ የሚባለውን፣ ማለትም ሰባት ስምንት ትንንሽ ሰሃን በተከታታይ የሚመጣበትን፣ ለዚህ ራት አልመክርሽም። አብዛኛው ቦታ ጠረጴዛው በሙሉ ካልወሰደው አይሰጥም፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ያስቀምጣል፣ አለርጂ ሲኖር ደግሞ በየሰሃኑ ለውጥ ይጠይቃል። ከሜኑው ላይ ሦስት ሦስት አይነት እየመረጣችሁ ብታዙ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይበቃችኋል፣ ሽማግሌዎቹም የሚያውቁትን ይበላሉ።

የእናትሽ ሥጋ ራሱን የቻለ ርእስ ነው። ስቴክ በውስጡ ሙቀት ነው የሚለካው፦ ሬር (ውስጡ ቀይ የሆነው) 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ሚዲየም ሬር 55፣ ሚዲየም 60፣ ዌል ደን (ጨርሶ የበሰለው) 71 እና ከዚያ በላይ። ሰሃኑ ላይ የሚታየው ቀይ ፈሳሽ ደም ሳይሆን ማዮግሎቢን የሚባል የጡንቻ ፕሮቲን ያቀላው ውሃ ነው፤ ይህን ማስረዳት ግን እናትሽን ያስበላቸዋል ብዬ አላስብም። ችግሩ ወዲህ ነው፦ አራት ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ፊሌ (አጥንት የሌለው ለስላሳ ሥጋ) ዌል ደን እስኪሆን ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ እዚያ ሲደርስም ውሃው ወጥቶ ይደርቃል። ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ሥጋውን በመሃሉ ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ገልጠው እንዲጠብሱት መጠየቅ ነው፤ ስለሚሳሳ ሳይደርቅ ቶሎ ይበስላል። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው ስቴኩን ትቶ በዝግታ ለሰዓታት የተቀቀለ ሥጋ ማዘዝ ነው፤ የበሬ ጎድን ወይም የበግ ቅልጥም በሶስ። ጭራሽ ቀይ ነገር የለውም፣ በሹካ ይፈታል፣ ኪችኑንም አያስቸግርም።

ኪችኑን አያስቸግርም ያልኩት ለናንተው ነው። በትልቅ ኪችን ሥጋው በአንድ ሰው፣ ዓሣው በሌላ፣ ሶሱ በሦስተኛ እጅ ነው የሚሠራው፤ ይህን በየክፍል ተከፋፍሎ የመሥራት ስልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በለንደኑ ሳቮይ ሆቴል ያደራጀው ፈረንሳዊው ሼፍ ኦጉስት ኤስኮፊዬ ነው። ስድስታችሁ በአንድ ላይ እንድትበሉ ስድስቱ ሰሃን በአንድ ደቂቃ ውስጥ መገናኘት አለበት። ዌል ደኑ ቀድሞ እሳት ላይ ይወጣል፣ ዓሣው መጨረሻ። አስተናጋጁ የመጀመሪያው ሰሃን ሊያልቅ ሲል አይቶ ለኪችኑ «ቀጥሉ» ይላል። ልክ በዚህ ሰዓት ወንድምሽ ስልክ ሊያወራ ተነስቶ ከወጣ አስተናጋጁ ባዶ ወንበር ፊት ሰሃን ማስቀመጥ አይፈልግም፤ ስድስቱም ሰሃን ማሞቂያ መብራት ሥር ይቆማል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሶሱ ቆዳ ይይዛል፣ ሚዲየሙ ወደ ሚዲየም ዌል ይሄዳል፣ ዓሣው ጫፉ ይደርቃል። ከዚያ «ስቴኬ ከመጠን በላይ በስሏል» ይባላል። መነሳት የግድ ከሆነ የመጀመሪያው ሰሃን እንደቀረበ ተነሱ፣ ወይም ለአስተናጋጁ «አሥር ደቂቃ አቆዩልን» በሉት፤ ይህን መስማት ይወዳል።

ዋጋው ያልተጻፈበት ነገር ሲነበብላችሁ አትፈሪ፣ ዋጋውን ጠይቂ። በተለይ ሙሉ ዓሣና ሎብስተር በ100 ግራም ዋጋ ይጻፋል። 1.2 ኪሎ ዓሣ ማለት የተጻፈው ዋጋ በ12 ሲባዛ ነው፤ የሚመዘነውም ጥሬውን ከነጭንቅላቱና ከነአጥንቱ ስለሆነ የሚበላው ግማሽ ቢሆን ነው። ከመጠበሱ በፊት ሚዛኑን ይንገሩሽ። «ውሃ ጋዝ ያለው ወይስ የሌለው?» የሚለው ጥያቄም ሁለቱ መልሶቹ የታሸገ ውሃ ያስከፍላሉ። መጀመሪያ ሳታዝዙ የሚመጣው አንድ ጉርሻ የምታህል ነገር ግን ብዙ ጊዜ የቤቱ ግብዣ ነው።

ወይን ካዘዛችሁ አስተናጋጁ ትንሽ ቀድቶ የሚያስቀምሰው ጣዕሙን ወደዳችሁት ወይ ለማለት አይደለም፤ ተበላሽቷል ወይ ለማለት ነው። አሽትቺው። የረጠበ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተ መልሺ፣ ካልሸተተ «ይቀዳ» በይ። አንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል፤ ለስድስት ሰው ሁለት ከመክፈት በፊት ማን እንደሚጠጣ ቁጠሪ።

ሹካው፦ ከውጭ ወደ ውስጥ። ከሰሃኑ በላይ በአግድም የተቀመጠው የጣፋጭ ነው። የዳቦ ሰሃንሽ በግራ፣ ብርጭቆሽ በቀኝ፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የጎረቤቱን ዳቦ የሚበላው። ስትጨርሺ ሹካና ቢላውን ጎን ለጎን አስተኚ፤ ለያይተሽ ካስቀመጥሽ ገና እየበላሽ ነው ማለት ነው፣ ሰሃኑን አያነሱም። የተሳሳተውን ካነሳሽ ማንም ምንም አይልሽም፣ ዝም ብለው ሌላ ያመጡልሻል። የወደቀ ሹካ አታንሺ።

ምግቡ ላይ ስህተት ካለ እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጉርሻ ተናገሪ። ግማሹ ከተበላ በኋላ ወይም ሂሳብ ሲመጣ ከሆነ የሚያደርጉልሽ ነገር ይቅርታና ምናልባት ነጻ ጣፋጭ ነው። ያልበሰለ ስቴክ በሦስት አራት ደቂቃ ይስተካከላል፤ የበሰለ ግን ወደኋላ አይመለስም፣ አዲስ ይሠራል፣ እሱም ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ «አዲሱ ከሌሎቹ ጋር ይድረስ ወይስ ሌሎቹ ይብሉ?» የሚለውን አንቺው ወስነሽ ንገሪያቸው። አስተናጋጁ ካልፈታው ሱፐርቫይዘሩን ጥሪ፣ እሱም ካልሆነ ሆቴሉ የዕለቱ ተረኛ ማናጀር አለው። ድምፅ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም፤ «ይህ ያዘዝነው አይደለም» በቂ ነው።

ሂሳቡ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጠው ሜኑው ግርጌ ላይ ያሉትን ሁለት የመደመር ምልክቶች ሳያይ ስለሚያልፍ ነው። ፕላስ ፕላስ ይሏቸዋል፤ ሰርቪስ ቻርጅ (የአገልግሎት ክፍያ) እና ታክስ ገና ይጨመራል ማለት ነው። ለምሳሌ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ታክስ ካለ 100 የተጻፈው 125 የሚሆን ይመስላል። ታክሱ በሰርቪስ ቻርጁም ላይ የሚሰላ ከሆነ ግን መጀመሪያ 110፣ ከዚያ የ110 15 በመቶ 16.50፣ በድምሩ 126.50 ይሆናል። ለስድስት ሰው ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ሰርቪስ ቻርጅ ካለ ተጨማሪ ቲፕ ግዴታ አይደለም፤ ያስደሰተሽን ሰው ግን በእጁ ስጪው፣ ሰርቪስ ቻርጁ ሁልጊዜ በቀጥታ እሱ ኪስ አይገባም።

አባትሽ እንደ ብዙ አባት ሂሳቡን ለመንጠቅ እጃቸውን እንደሚዘረጉ እገምታለሁ። ስትገቡ ሁሉም ሲቀመጥ እጅ ልታጠቢ እንደምትሄጂ ሆነሽ ተነሺና ሱፐርቫይዘሩን «ሂሳቡ ጠረጴዛ ላይ አይምጣ፣ እኔ ካውንተር ላይ እከፍላለሁ» በይው። ኬኩ ሲቆረጥና ሁሉም ፎቶ ሲነሳ ሄደሽ የሰሃኑንና የመጠጡን ቁጥር አንድ በአንድ አመሳክሪ፣ ክፈይ፣ ደረሰኙን ቦርሳሽ ውስጥ ከተሽ ተመለሺ። አባትሽ «ሂሳብ!» ብለው ሲጣሩ አስተናጋጁ «ተከፍሏል፣ አባታችን» ይላቸዋል።