መጀመሪያ መኪና፣ ከዚያ ፊደል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ ሦስት ዓመት እኔ ራሴ የጻፍኩት መሰለኝ። እናትሽ ከአዲስ አበባ መጥተው ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ቤት ይውላሉ፣ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ አማርኛ አይሰሙም፤ ሁለቱን ማገናኘት የሞከረ አለ ወይ ነው ያልሽው። አለ። እኛ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሞክረነዋል። የመጀመሪያው ፈርሶብን በሁለተኛው ነው የያዘልን።

መጀመሪያ የተሳሳትነው አጠራሩ ላይ ነው። «በጎ ፈቃደኛ አረጋውያን እንፈልጋለን» ብለን ቴሌግራም ላይ ለጠፍን። ማንም አልመጣም። ለካ እናቶቻችን ፎርም የሚያስሞላ፣ እንግሊዝኛ የሚጠይቅ ሥራ መስሏቸው ነው። አንዷን እናት ቤታቸው ሄጄ «እማማ፣ ልጆቻችን ከአያታቸው ጋር በስልክ ሲገናኙ ከሰላምታ አያልፉም፣ እባክዎ ይድረሱልን» ስላቸው ግን ወዲያው «መቼ ነው?» አሉኝ። ስለዚህ ቤታቸው ሂጂ፣ ቡናቸውን ጠጪ፣ ከዚያ ለምኛቸው።

ቀጥሎ መኪና። ይሄን አደራ! አብዛኞቹ አይነዱም፣ ልጆቻቸው ቅዳሜም ሥራ ላይ ናቸው፣ በረዶ ሲጥል ደግሞ አውቶቡስ ይጠብቁ ማለት ግፍ ነው። የመጀመሪያው ሙከራችን የፈረሰው በዚህ ነው፤ አንድ እናት ካፖርታቸውን ለብሰው መስኮት ላይ ሁለት ሰዓት ጠበቁ፣ የሚወስዳቸው ሰው ረስቷቸው ቀረ፣ ከዚያ በኋላ ተመልሰው አልመጡም። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። አሁን የልጆቹ ወላጆች በተራ ያመጣሉ፣ ይመልሳሉ። ተረኛው ካልቻለ ተተኪ የሚፈልገው ራሱ ነው።

የምንገናኘው ላይብረሪ ክፍል ውስጥ ነው። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽም ተገኝቶ ነበር፣ ግን ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ሳይሳቀቁ እንዲመጡ ፈለግን።

«አስተምሩ» ብለሽ አትጀምሪ። እኛ የፊደል ገበታ ዘርግተን ልጆቹ በሩብ ሰዓት ውስጥ አዛጉ። በሦስተኛው ቅዳሜ አንዷ እናት ከቦርሳቸው እንዝርትና ባዘቶ አወጡ። ምንም አልተናገሩም። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽከርክረው ለቀቁት፣ ባዘቶው እየሳሳ ክር ሆነ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ተጠጋ። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቃቸው። «አልሰማሁህም ልጄ» አሉት። ወደ እኔ ዞረ፣ ዝም አልኩ። ትንሽ አሰበና «ክሩ ከየት መጣ?» አለ። ያኔ እንዝርቱን እጁ ላይ አስቀመጡለት። አስር ጊዜ ሳይበጠስበት አልቀረም፣ በዚያ ቀን «ተበጠሰ» የሚለውን ቃል ሳያውቅ ቤቱ የገባ ልጅ የለም። ፊደሉ ከዚያ በኋላ ራሱ መጣ፣ ስማቸውን በአማርኛ መጻፍ ፈለጉ።

እንቆቅልሽም ይሠራል። አንድ ጋሼ «አገር ስጪኝ» ሲሏት ትንሿ ልጅ ቴክሳስን ሰጠቻቸው። እምቢ አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን ከአባቷ ተምራ መጣች።

ሁለት ነገር አጥብቂ። ወላጅ ልጁን ጥሎ ገበያ አይሂድ። እናቶቹ ሞግዚት አይደሉም፣ እንደዚያ ሲሰማቸው ይቀራሉ፣ መቅረትም ይገባቸዋል። ሌላው፣ ማንም ትልቅ ሰው ብቻውን ከልጅ ጋር በር ዘግቶ አይቀመጥ። የጀርባ ማጣሪያም ይደረግ፣ ማለትም የወንጀል ሪከርድ እንደሌለ በአሻራ ይታይ። ለአረጋውያን ሲነገር ስድብ ይመስላል፣ ስለዚህ እኔ መጀመሪያ አሻራዬን ሰጠሁና «ሁላችንም ነው የምንሰጠው» አልኳቸው፣ ማንም አልተቀየመም።

እናትሽ ከሳምንት አንድ ቀን በላይ ከፈለጉ ፎስተር ግራንድፓረንት የሚባለውን የመንግሥት ፕሮግራም ጠይቂላቸው። ከ1965 ጀምሮ ያለ ነው፣ አሁን አሜሪኮርፕስ ሲኒየርስ በሚባለው፣ የአረጋውያንን በጎ ፈቃድ ሥራ በሚመራው የአሜሪካ መንግሥት ክፍል ሥር ነው። ዕድሜያቸው 55 የሞላ ሰዎች ትምህርት ቤትና መዋዕለ ሕፃናት እየሄዱ ልጆችን ያግዛሉ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አነስተኛ የሰዓት አበል አለው። አበሉ በሕግ እንደ ገቢ አይቆጠርም። ብዙ እናቶች «ኤስኤስአይ (መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን በየወሩ የሚሰጠው ድጎማ) ይቆረጥብኛል» ብለው ስለሚፈሩ ይሄን ቀድመሽ ንገሪያቸው።

እና ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ካለሽ እንዝርት አንድ ብቻ አታስመጪ። አራት አምስት ይሁን፣ አንዱ ልጅ ሲይዝ ሌላው ማልቀስ ይጀምራል።