ቪፒኤኑ እምቢ ሲል፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ቤት ውስጥ ስለሚተከል የቪፒኤን (ከውጭ ሆኖ ወደ ቤት ኔትወርክ በተመሰጠረ መስመር የሚያስገባ) ሰርቨርና ስለ ፋየርዎል (የትኛው ግንኙነት እንደሚያልፍ የሚወስን ጥበቃ) ናቸው። ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁልኝ ነገሩ አልሠራ ሲላችሁ አምስት ቦታ ባንዴ ከነካካችሁ በኋላ ነው። እባካችሁ፣ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ፓኬቱ (በኔትወርክ የሚላከው የመረጃ ቁራጭ) የት ድረስ እንደደረሰ እወቁ። ያን ካወቃችሁ የሚስተካከለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዋየርጋርድ የተባለውን የቪፒኤን ፕሮግራም ጭኜ ፖርት 51820ን (ፕሮግራሙ የሚጠቀምበትን የመግቢያ ቁጥር) ራውተሬ ላይ ከፍቻለሁ። ከውጭ ግን አይገናኝም። የፖርት መፈተሻ ድረ ገጽም «ዝግ ነው» ይለኛል።

መልስ፦ ድረ ገጹን ይተዉት። አብዛኞቹ መፈተሻዎች የሚሞክሩት ቲሲፒ በሚባለው የመላኪያ ስልት ነው፤ ዋየርጋርድ የሚሠራው ዩዲፒ በሚባለው ሌላ ስልት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ትክክለኛ ቁልፍ ይዞ ላልመጣ ጭራሽ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ እንኳ ከውጭ ሲታይ ዝግ ይመስላል። ለደህንነት ግሩም ባሕርይ ነው፤ ችግር ፈላጊን ግን ያደናግራል።

ራውተሩ ላይ ፖርቱን ሲያስተላልፉ ዩዲፒ መመረጡን ይዩ። ከዚያ የስልክዎን ዋይፋይ አጥፍተው በሞባይል ዳታ ይሞክሩ። ብዙ ራውተሮች ከቤት ተነስቶ በውጭው አድራሻ ወደዚያው ቤት የሚመለስን ግንኙነት አያስተናግዱም፤ በቤት ዋይፋይ የተደረገ ሙከራ አይታመንም። ስልኩ እየሞከረ ሳለ ሰርቨሩ ላይ በቲሲፒደምፕ (የሚደርሱ ፓኬቶችን በሚያሳይ ፕሮግራም) ፖርቱን ይከታተሉ። ፓኬት ከታየ ራውተሩ ሥራውን ሠርቷል። ግን ልብ ይበሉ፦ ቲሲፒደምፕ ፓኬቱን የሚያየው የሰርቨሩ ፋየርዎል ከመዳኘቱ በፊት ነው። ደርሷል ማለት አልፏል ማለት አይደለም። ቀጥለው የሰርቨሩን ፋየርዎል ይፈትሹ፤ እሱ ከፈቀደ ደግሞ ቁልፎቹን። የሰርቨሩ ፐብሊክ (ለሌላው ወገን የሚሰጠው) ቁልፍ ስልኩ ውስጥ፣ የስልኩ ደግሞ ሰርቨሩ ውስጥ መግባት አለበት። እነዚህን ማቀያየር በጣም የተለመደ ነው።

ምንም ፓኬት ካልታየስ? ራውተሩ ከውጭ በኩል የያዘውን አድራሻ ያንብቡ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ፣ የኢንተርኔት አቅራቢዎ አንድ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እያካፈለ ነው። በ10 ወይም በ192.168 ከጀመረም ከራውተርዎ በፊት አድራሻ የሚቀይር ሌላ መሣሪያ አለ። መሣሪያው የእርስዎ ከሆነ እዚያም ላይ ፖርቱን ያስተላልፉ። የአቅራቢው ከሆነ ግን ቤትዎ ውስጥ የሚነካኩት ምንም ነገር አይረዳም። ወይ የራስዎ የሆነ ፐብሊክ አድራሻ ይጠይቁ፣ ወይ አነስተኛ የክላውድ ሰርቨር ተከራይተው የቤቱ ሰርቨር ወደዚያ እንዲደውል ያድርጉ። ሁለተኛውን ከመረጡ የቤቱ ሰርቨር ላይ ኪፕአላይቭን (በየጊዜው ትንሽ ፓኬት የሚልከውን ቅንብር) 25 ሰከንድ ያድርጉት፤ መስመሩ ሥራ ሲፈታ እንዳይዘጋ ይጠብቀዋል።

ጥያቄ፦ ይገናኛል፣ ሃንድሼክም (ሁለቱ ወገኖች በቁልፋቸው የሚተዋወቁበት ሰላምታ) ይታያል። ኢንተርኔት ግን የለም።

መልስ፦ እንግዲያው ቁልፉም ፖርቱም ደህና ነው፤ እነሱን አይንኩ። በቅደም ተከተል ፒንግ (አንድ አድራሻ መልስ ይሰጥ እንደሆነ መፈተሻ ትእዛዝ) ያድርጉ። መጀመሪያ የሰርቨሩን የቪፒኤን አድራሻ፣ ቀጥሎ ኢንተርኔት ላይ ያለውን 1.1.1.1ን፣ በመጨረሻ የአንድ ድረ ገጽ ስም። የመጀመሪያው መልስ ሰጥቶ ሁለተኛው ካልሰጠ፣ ሰርቨሩ የእናንተን ፓኬት ተቀብሎ አያሳልፍም ማለት ነው። ሦስት ምክንያት ይኖራል፦ የሰርቨሩ ሊኑክስ አይፒ ፎርዋርዲንግ (የሌላ መሣሪያን ፓኬት ማሳለፍ) አልበራም፣ ፋየርዎሉ የሚያልፍ ትራፊክን ይከለክላል፣ ወይም ማስከሬድ የሚባለው አድራሻ የመቀየር ደንብ የለም። ዩኤፍደብልዩ የተባለውን የሊኑክስ ፋየርዎል መሣሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች በብዛት የሚያዙት ሁለተኛው ላይ ነው። ፖርቱን ይፈቅዳሉ፤ ነገር ግን ወደ ሰርቨሩ መግባትና በሰርቨሩ በኩል ማለፍ የተለያየ ፈቃድ ይፈልጋሉ። ቁጥሩ ሠርቶ ስሙ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ችግሩ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ነው።

ጥያቄ፦ ስልኬና ላፕቶፔ አንዱ ሲገባ ሌላው ይቋረጣል።

መልስ፦ አንድ ኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል ለሁለቱ ገልብጠዋል። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ቁልፍና የራሱ የቪፒኤን አድራሻ ይስጡት። ስልኩ ቢጠፋም የሱን ቁልፍ ብቻ ሰርዘው ይገላገላሉ።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ድረ ገጽ ይከፈታል፤ አንዳንዱ ግን እየዞረ ይቀራል።

መልስ፦ ይህ የኤምቲዩ፣ ማለትም የፓኬት መጠን ጉዳይ ይመስላል። የተለመደው የኔትወርክ መጠን 1500 ባይት ነው። ዋየርጋርድ እስከ 80 ባይት ለራሱ ስለሚወስድ 1420 ይቀራል። መስመርዎ ፒፒፒኦኢ (በስምና በይለፍ ቃል የሚገባ የኢንተርኔት መስመር ዓይነት) ከሆነ ሌላ 8 ይቀነሳል። ትናንሽ ፓኬቶች ያልፋሉ፣ ትልልቆቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ኤምቲዩውን 1280 አድርገው ይሞክሩ፤ ከሠራ ቀስ እያሉ ከፍ ያድርጉት። ፋየርዎል ላይ አይሲኤምፒን (የኔትወርክ ስህተት መልእክቶች የሚላኩበትን ስልት) ሙሉ በሙሉ የዘጋ ሰው ካለ ደግሞ ይክፈተው። «ፓኬቱ ከልክ በላይ ትልቅ ነው፣ አሳንሰው» የሚለው መልእክት የሚመጣው በዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ከሞባይል ዳታ የቤቴን ፕሪንተር አገኘዋለሁ፤ ከመሥሪያ ቤት ዋይፋይ ግን አላገኘውም።

መልስ፦ ሁለቱም ቦታ 192.168.1 የሚል ኔትወርክ ሳይሆን አይቀርም። መሣሪያዎ ፕሪንተሩን የሚፈልገው እዚያው መሥሪያ ቤት ነው። የመሥሪያ ቤቱን መቀየር ስለማይችሉ የቤትዎን ብዙም ወዳልተለመደ ይቀይሩት፤ ለምሳሌ 10.83.27።

ጥያቄ፦ ሰርቨሩን ከሩቅ ለማዘዝ በሚያገለግለው በኤስኤስኤች ገብቼ ፋየርዎሉን ሳበራ ተቆለፈብኝ። አጥፍቼው ብተወውስ?

መልስ፦ አይተዉት። ለአንድ ደቂቃ አጥፍቶ መሞከር ችግሩ የት እንዳለ ለማወቅ ይጠቅማል፤ እንደጠፋ መተው ግን አደጋ ነው። አሁን ሰርቨሩ ላይ ስክሪንና ኪቦርድ ሰክተው ይግቡ፣ መጀመሪያ የኤስኤስኤች የሆነውን ፖርት 22ን ይፍቀዱ፣ ከዚያ ፋየርዎሉን ያብሩ። ወደፊት ከሩቅ ሆነው ደንብ ሲቀይሩ ፋየርዎሉን ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚያጠፋ ትእዛዝ ቀድመው ያስይዙ። ከተሳካ ትእዛዙን ይሰርዙታል፤ ካልተሳካ በሩ ራሱ ይከፈትልዎታል።

ዶከርም (ፕሮግራሞችን ኮንቴነር በሚባሉ የተለያዩ ክፍሎች ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ) እንደሚጠቀሙ ጽፈውልኛል። እዚህ ላይ አጥብቄ ላስጠንቅቅዎት። ዶከር ወደ ውጭ የሚያወጣቸው ፖርቶች የዩኤፍደብልዩን ደንብ ሳይነኩ ያልፋሉ። «ተዘግቷል» ብለው የሚያምኑት አገልግሎት ክፍት ሊሆን ይችላል። ኮንቴነሩን ሲያስነሱ ፖርቱን ከሰርቨሩ የቪፒኤን አድራሻ ጋር ብቻ ያያይዙት። ከዚያ ራውተሩን ሳያልፉ፣ እዚያው ቤት ካለ ሌላ ኮምፒውተር በሰርቨሩ የቤት አድራሻ ይሞክሩት። መከፈት የለበትም።