ባሌ በእማዬ የህንድ ፊልም ይቀልዳል

«እናቴ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ማታ ቡና አፍልተን የህንድ ፊልም እናያለን። የምትወደው «ካቢ ኩሺ ካቢ ጋም»ን ነው፤ ስንቴ እንዳየነው እንጃ። ባለቤቴ ጨዋታ አዋቂ ነው። ልጁ በሄሊኮፕተር መጥቶ፣ ገና ሳይገባ እናትየዋ ወደ በሩ ስትዞር «ሄሊኮፕተሩን ሰምታ ነዋ!» ይላል። እውነት ለመናገር እኔም እስቃለሁ። ባለፈው ግን እናትየዋ ባሏን የምትናገርበት ቦታ ላይ ነጠላዬን ተከናንቦ፣ ድምፁን አቅጥኖ አስመሰላት። እማዬ ስኒዋን አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች። ይኸው ሦስተኛ ቅዳሜ ሆነ፣ «እንቅልፌ መጣ» እያለች ሳሎን አትወጣም። ባሌ «በፊልም ይኮረፋል እንዴ?» ይለኛል። ፊልሙን እንተወው ወይስ ቀልዱን ይተው? ረስቼው፣ ወንድሜ አባቴ ያልፈቀዳትን ልጅ አግብቶ ከቤት ከወጣ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ውጭ አገር ነው ያለው። አባታችን አርፏል።»

እህቴ፣ «ረስቼው» ብለሽ መጨረሻ ላይ የጻፍሻትን ደጋግሜ አነበብኳት። ነገሩ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ፊልሙን ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ካራን ጆሃር ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም ነው። አሚታብ ባችቻን ባለጸጋ አባት ሆኖ ይሠራል። በጉዲፈቻ ያሳደገው የበኩር ልጁ ሻህሩክ ካን፣ ቻንድኒ ቾክ ከሚባለው የደልሂ ሰፈር አንዲት ልጅ ይወድዳል። አባት እምቢ ይላል። ልጅ ያገባታል፣ ከቤት ይወጣል፣ ለንደን ይገባል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ታናሽ ወንድሙ ሊያስታርቅ ይሄዳል። እናትየዋ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብላ ኖራ፣ በስተመጨረሻ ባሏን ፊት ለፊት «ተሳስተሃል» ትለዋለች።

ይህን ታሪክ ከወንድምሽ ታሪክ ጎን አስቀምጪው። አባት ከለከለ፣ ልጅ አገባ፣ አገር ለቀቀ። እናት መሐል ቀረች። እናትሽ ያንን «ተሳስተሃል» ለአባትሽ ብለውት ይሁን ሳይሉት፣ እኔ አላውቅም። አንቺም ላታውቂ ትችያለሽ። አሁን ግን የሚሉት ሰው የለም። ታዲያ ባለቤትሽ ነጠላ ተከናንቦ ያንን ንግግር ሲያስመስል፣ ምናልባት እሳቸው አሥራ አንድ ዓመት ጉሮሯቸው ላይ ይዘውት የኖሩትን ቃል ነው የቀለደበት። እሱ ይህን አያውቅም። እሱ ያየው ተዋናይቷን ብቻ ነው።

ሰው ሲሞትብን ወግ አለን። ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እዝን ይመጣል። በሕይወት ላለ ግን ለማይመጣ ልጅ ድንኳን አይተከልም። ፓውሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት የቤተሰብ አማካሪ እንዲህ ያለውን ሐዘን ለረጅም ዘመን አጥንታለች። እኔ በአማርኛ «ቁርጡ ያልታወቀ ሐዘን» እለዋለሁ። ሰውየው የለም እንዳይባል አለ። አለ እንዳይባል የለም። እንዲህ ያለ ሐዘን ማልቀሻ ቦታ ይፈልጋል። እናትሽ ያገኙት ቅዳሜ ማታ፣ ከረከቦቱ ጎን ነው። ማንም «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ አይጠይቃቸውም። «ፊልሙ ነው» ይባላል፣ ያልፋል።

እና የህንድ ፊልም ላይ መሳቅ ኃጢአት ነው? በፍጹም! «አክተር አይሞትም» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። አንዲት የሂንዲ ቃል ሳይገባን አልቅሰን፣ ዘፈኑ ሲጀመር እንባችንን ጠርገን እንስቅ ነበር። ፊልሙም ራሱ ይህንን ይፈልጋል። የርዕሱ ትርጉም «አንዳንዴ ደስታ፣ አንዳንዴ ሐዘን» ነው። ህንዶች ስለ ቴአትር ያላቸው «ናትያ ሻስትራ» የተባለው ጥንታዊ ድርሳን ሳቅንና ርኅራኄን ተመልካቹ ሊቀምሳቸው ከሚገቡ ስሜቶች መሐል ጎን ለጎን ይቆጥራቸዋል። ፍቅረኞቹ ከደልሂ ተነስተው በአንድ ዘፈን የግብፅ ፒራሚድ ሥር ሲገኙ ባለቤትሽ እንደ ልቡ ይሳቅ። እናትሽም አብረው የሚስቁ ይመስለኛል።

ሮድ ማርቲን የተባለ ካናዳዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎች ቀልድን የሚጠቀሙበትን መንገድ በአራት ከፍሎ ነበር። ላንቺ የሚጠቅሙሽ ሁለቱ ናቸው፤ ሰውን የሚያቀራርብ ቀልድና ሰውን የሚወጋ ቀልድ። እኔ በሥራዬ ያየሁት፣ ያው አንድ ቀልድ እንደወደቀበት ቦታ ሁለቱንም ሊሆን እንደሚችል ነው። ስለዚህ የባልሽ ቀልድ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ከቀልዱ በኋላ ያለው «በፊልም ይኮረፋል እንዴ?» የሚለው ነው። ቀልዱ ስህተት ነው፣ ይታረማል። ይኼኛው ግን የሰውን ሕመም ማሳነስ ነው። ቤት ውስጥ ሲለመድ ደግሞ አንቺም አንድ ቀን የሚያስለቅስሽን ነገር መደበቅ ትጀምሪያለሽ።

ለብቻችሁ ስትሆኑ ንገሪው። እናትሽ ፊት አይሁን፤ እልህ ይገባዋል። «አስቀየምካት» ብለሽ አትጀምሪ። «እማዬ በሩን ስታይ ወንድሜን የምታይ ይመስለኛል» በይው። አንቺም ስትስቂ እንደነበር ጨምሪበት፤ እውነት ስለሆነ። ይህን የሰማ ጨዋታ አዋቂ ሰው ብዙ ምክር አያስፈልገውም። እሳቸው ዘንድ ሄዶ «ቀልዴን እኮ ነው» እንዳይል ብቻ አደራ። ይህች ቃል ይቅርታውን ታበላሸዋለች። «አጥፍቻለሁ፣ እማማ፣ ቅዳሜ ያለ እርስዎ ቡናውም አይጥምም» ይበል። ይበቃል።

ወንድምሽንም ደውይለት። ለማስታረቅ ብለሽ አይደለም፤ ያ የራሱ ጊዜ አለው። ዝም ብለሽ ስለ ቅዳሜያችሁ ንገሪው። እናቱ የትኛው ፊልም የትኛው ቦታ ላይ እንደሚያለቅሱ ይወቅ።

ከዚያ በሚመጣው ቅዳሜ ቡናውን አፍዪ፣ ፈንዲሻውን አቅርቢ፣ እሳቸው ይምረጡ። ያንኑ ፊልም ከመረጡ፣ እናትየዋ ትሪዋን ይዛ ወደ በሩ ስትዞር አንድ ጊዜ ብቻ አቁሚውና ጠይቂያቸው፤ «እማዬ፣ እዚህ ቦታ ላይ ማን ትዝ ይልሻል?» መልሱ ሊዘገይ ይችላል። ሪሞቱን አስቀምጪው፣ ቡናውም ይቀዝቅዝ።