ከነተከራዮቹ ቤት ለመሸጥ ላሰቡት እህታችን፦ ቀብድ ከመቀበልዎ በፊት

እህቴ፣ ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ከእናትዎ የወረሱትን ቤት ከነሰርቪስ ክፍሎቹ ለመሸጥ አስበው «ተከራዮቹን አስቀድሜ ላስወጣ ወይስ እንዳሉ ልሽጥ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም ከአላሙራ ተራራ በታች የነበረውን የወላጆቼን ቤት በዚሁ ሁኔታ ስለሸጥኩ፣ የደረሰብኝ እንግልት እርስዎን እንዳያገኝዎ ያየሁትን ልጻፍልዎ።

1. ተከራዮቹን አያስወጡ። የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤት በሚፈልግባት ከተማ፣ ኪራይ የሚያስገባ ግቢ ራሱን ይሸጣል። ደላላው «ገዢ ባዶ ቤት ነው የሚፈልገው» እያለ ቢወተውተኝም፣ ቤቱን የገዙኝ ወይዘሮ ግን ገና ግቢው እንደገቡ ደብተራቸውን አውጥተው የየክፍሉን ኪራይ ነበር የመዘገቡት። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ተከራይን በዘፈቀደ ማስወጣትን ስለሚከለክል፣ በከተማዎ ስላለው አፈጻጸም ክፍለ ከተማውን ይጠይቁ።

2. ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። በካርታው ላይ ያለውና መሬት ላይ ያለው መጣጣሙን ሳያረጋግጡ ቀብድ አይቀበሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። የእኛ ግቢ የጓሮ ክፍሎች በፈቃድ የተሠሩ ቢሆኑም፣ ፈቃዱ ከማኅደሩ ጋር አልተያያዘም ነበር። የስም ዝውውር የጠየቅንበት መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ ማኅደሩ ጠፍቷል አለን፤ ሲገኝ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን፤ ኃላፊው ሲገኙ ደግሞ ክፍሎቹ ሕገ ወጥ ናቸው ተባለ። አባቴ በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀመጠውን ዋናውን ፈቃድ ይዤ ስቀርብ፣ መስኮቱ ላይ የነበረው ሠራተኛ ማኅተሙን እንኳ ሳያይ በጣቱ ገፍቶ መለሰልኝ። ግብሩን ሳያጓድል የኖረ ሰው ያወጣው ሰነድ እንዲህ ሲናቅ ማየት ዛሬም ያንገበግበኛል።

ወረቀቱ ሲጓተት ገዢዋ ቀነ ገደቡ አልፏል ብለው የቀብዱን እጥፍ ጠየቁ። ያዳነኝ፣ ደላላው «ገዢ ያስደነግጣል» ብሎ ቢከራከረኝም በውሉ ላይ ያስገባሁት አንቀጽ ነው፦ «የስም ዝውውሩ ቀነ ገደብ የሚቆጠረው መሥሪያ ቤቱ የተጣራ ማኅደር ከሰጠበት ቀን ጀምሮ ሲሆን፣ በመሥሪያ ቤቱ ምክንያት ለሚደርስ መዘግየት ሻጭ ውል እንዳፈረሰ አይቆጠርም።» ጠበቃቸው አንብበው ዝም አሉ፤ ሽያጩም አንድ ብር ሳይጎድል በተስማማንበት ዋጋ ተፈጸመ። ይህን አንቀጽ በማስገባቴ እኮራለሁ፤ እርስዎም እንዳለ ይውሰዱት። ቤቱ የውርስ ስለሆነ ደግሞ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ካርታውን አስቀድመው በስምዎ ያዙሩ፤ ሌሎች ወራሾች ካሉም የሁሉም ፊርማ ያስፈልግዎታል።

3. ግብሩን በደላላ ስሌት አይገምቱ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከመሸጡ በፊት ለሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ የግል መኖሪያ የነበረ ቤት ከዋጋ ዕድገት ግብር (ከሽያጩ በሚገኘው ትርፍ ላይ ከሚጣለው ግብር) ነፃ ነበር፤ ክፍሎቹ ሲከራዩ የኖሩ ቤት ግን «ሙሉ በሙሉ» የሚለውን አያሟላም ነበር። የገቢ ግብር ሕጉ በ2017 ስለተሻሻለ፣ ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት ገቢዎች ዘንድ ሄደው አሁን በሚሠራበት ያሰሉ። የኪራይ ገቢ ግብር ውዝፍ ካለም ያን ጊዜ ይዝጉት፤ ያለ ክሊራንስ (ከግብር ዕዳ ነፃ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ) ዝውውሩ ወዲያ አይሄድም።

ተከራዮቹ የከፈሉትን ቅድመ ክፍያ ለገዢው በጽሑፍ ያስረክቡ፤ ርክክቡ በሚፈጸምበት ዕለትም የመብራቱንና የውኃውን ቆጣሪ ንባብ ተከራዮቹ ባሉበት መዝግበው ሁላችሁም ፈርሙበት።