ቀን ደህና የሆነ ግፊት ሌሊትም ደህና ነው ማለት አይደለም

እህቴ፣ አባትሽ ስኳርም ግፊትም እያለባቸው ቀን ሲለኩ ደህና ናቸው፤ ታዲያ የ24 ሰዓት መለኪያ ለምን ታዘዘላቸው፣ ኪኒኑንስ ወደ ማታ ብናዞረው ምን አለበት ብለሻል። እኔም ሁለቱም አሉብኝ፣ ክንድ ላይ ታስሮ ቀንም ሌሊትም እየነፋ ግፊት የሚለካውን ያንን መሣሪያም አስሬ አድሬያለሁ።

ሰው ሲተኛ ግፊቱ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። ስኳር ያለብን ሰዎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ በዚህ ልክ አይወርድም፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ ይጨምራል። ስኳሩ ልብንና የደም ሥርን የሚያዙትን ነርቮች ሲጎዳ፣ ኩላሊት ሲደክም ወይም እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ሲቆራረጥ እንዲህ ይሆናል። ቀን ብቻ እየለካችሁ ይሄን አታገኙትም፤ የሌሊቱ ከፍታ ግን ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ ሐኪሙ ማዘዙ ልክ ነው፣ እባክሽ እንዳይቀር።

መሣሪያው ሲነፋ ክንዳቸውን ዘና አድርገው ዝም ይበሉ። ካወሩ ወይም ከተንቀሳቀሱ መለካት ያቅተውና እንደገና ይነፋል፣ ይሄ ደግሞ ሌሊት በጣም ይረብሻል። ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ለሽንት መቼ እንደተነሱ፣ መድኃኒቱን መቼ እንደዋጡ ወረቀት ላይ ያዙላቸው፤ እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ሰው ቁጥሩ ከፍ ስለሚል ሐኪሙ ያንን ማወቅ አለበት።

የኔ የላይኛው የግፊት ቁጥር ቀን በአማካይ 128 ነበር፣ ሌሊት 131። የሌሊቱ አማካይ 120 በ70 ከደረሰ ከፍተኛ ይባላል። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ወደ ባለቤቴ ዞረችና «ያንኮራፋል? ትንፋሹ ቁርጥ ይላል?» አለቻት። ለካ ችግሩ እዚያ ነበር፣ በእንቅልፍ ምርመራ ተረጋገጠ። እናትሽን ጠይቂያቸው፣ ከአባትሽ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ኪኒኑን ግን በራሳችሁ እንዳታዞሩት። በ2022 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ከ20,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ፣ ጠዋት በወሰዱትና ማታ በወሰዱት መካከል በድንገተኛ የልብ ሕመምም (ሃርት አታክ) ሆነ በስትሮክ ልዩነት አላገኘም። የሚያሸና መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለሱ ያድራሉ። ነርቫቸው የተጎዳ ከሆነ ተኝተው ግፊታቸው ከፍ ብሎ፣ ብድግ ሲሉ ሊያሽቆለቁልና ሊወድቁ ይችላሉ። ስለዚህ ተኝተውም ቆመውም እንዲለኩ ጠይቂ፣ ኩላሊት መጎዳቱን የሚያሳየው የሽንት ፕሮቲን ምርመራም ካልተሠራላቸው በዚያው ይሠራላቸው።